ያልተገዛው የጊፋታ በሬ

በወላይታ አገር ለጊፋታ የማይቆጥብ ቤት አይገኝም። ወንዱ ለዘመን መለወጫው በሬ ከዓመት ዓመት ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣል፤ ሴቷም ቅቤዋን ከባሏም ከልጆቿም ሸሽጋ በማሰሮ ታጠራቅማለች። መስከረም ሲጠባ ያ ሁሉ የዓመት ጥንቃቄ በጥቂት ቀን ተበልቶ ያልቃል። ባዶው ማሰሮ ታጥቦ እንደገና ይጀመራል። ይህን ወግ የምንነቅፍ አይደለንም፤ በዓል የሌለው ሕዝብ ደስ አይልም። ነገር ግን ቁጠባን እንዲህ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ለራሱ እርጅና ሲሆን እጁ ለምን እንደሚያጥር የአቶ ባዳቾ ጦና ነገር ሳያሳየን አይቀርም።

አቶ ባዳቾ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጀምሮ በሶዶ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። ወላይትኛ ብቻ የሚያውቀው ባላገር አቤቱታውን በእሳቸው አፍ ያሰማል፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ዳኛም ፍርዱን በእሳቸው አፍ ይሰጣል። አማርኛቸው የችሎት አማርኛ ስለሆነ ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ «ይህን ያህል ያልሽው በምን ማስረጃ ነው?» ማለት ይወዱ ነበር። ስማቸውን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው ግን የጊፋታ በሬያቸው ነው። የተጠራ ይበላል፣ ያልተጠራም ይመጣል፣ የመጣም አይመለስም። «እንደ ባዳቾ ያለ ቤት በሶዶ የለም» ሲባሉ ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ሆነና፣ ምስጋናው በየዓመቱ በሬውን እያሳደገ፣ በሬውም ኪሳቸውን እያራቆተ ሄደ።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው የዓመቱን በሬ ሊመርጡ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ሲወርዱ፣ መንገድ ላይ ያለችው ወንዝ ሞልታ አገኟት። በወዲህኛው ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር አንድ ወጣት ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ የውሃውን መጉደል ይጠባበቃል። የጎረቤታቸው ልጅ ደገፉ ነው። በሶዶ ያስተምራል፤ ወደ ሁምቦ የሚወርደውም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ሊለምን ነበር። ሲያያቸው ብድግ ብሎ እጅ ነሣና የተቀመጠበትን ድንጋይ ለቀቀላቸው።

አቶ ባዳቾ የምሥራች ሳይናገሩ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። የዘንድሮው በሬ የአምናውን እንደሚያስንቅ፣ ሁምቦ ቆላ የሰባ ወይፈን እንደታየላቸው፣ ገንዘቡም እንደተገኘ አወሩለት። የተገኘውም ከአባታቸው የወረሱትን የጉኑኖውን የእንሰት ጓሮ አቶ ቢያድግልኝ ለሚባል ሰው ለመሸጥ ተስማምተው ነው። ቀብዱ በኪሳቸው ነው፤ ሐሙስ ሽማግሌ ፊት ውሉ ያልቃል።

ደገፉ ጫማውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ «ጋሼ፣ ባይቀየሙኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ።

«ጠይቅ። እኔ ስጠየቅ ነው የኖርኩት።»

«ሥራ ሲያቆሙ የሚበሉት ከምን ነው?»

«የሚያቆም ማን ነው? ምላሴ አላረጀ።»

«ምላስዎ እውነትም አላረጀም። ነገር ግን እኔ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ አማርኛ እየለመዱ ነው። ነገ ከሳሹም ተከሳሹም በራሱ አፍ ሲናገር ዳኛው አስተርጓሚ ለምን ያስጠራል?»

አቶ ባዳቾ ይህን አስበውት አያውቁም ማለት ሐሰት ይሆናል። በዚያው ዓመት ሁለት ወጣቶች «አስተርጓሚ አንፈልግም» ብለው ራሳቸው ሲከራከሩ፣ እሳቸው ጥግ ይዘው ቆመው ሰምተዋል። ቢሆንም ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው እንጀራዬን የምትዘጋው አንተ ነሃ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ስለዚሁ ነው።»

መልሱ ትንሽ ነካቸው። መንግሥት ለሠራተኛው ጡረታ ማውጣቱን ጠቀሱ። ደገፉም ያ ለቋሚ ሠራተኛ መሆኑን፣ በየጉዳዩ የሚከፈለው አስተርጓሚ ከዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ቢጠይቁ እንደሚሻል በትሕትና ነገራቸው። አቶ ባዳቾ ግን ጠይቀው ነበር። እንደማይመለከታቸው ተነግሯቸው ከጽሕፈት ቤቱ ከወጡ ወዲህ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ጥሩነሽ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ስለዚህ ነገሩን ወደ ልጆች መለሱት። አንድ ወንድ ልጅ አዲስ አበባ አላቸው፤ ጧሪ ቀባሪ ያለው ሰው ምን ያሰጋዋል? ደገፉ ልጁን አመሰገነ። ቀጥሎም ያ ልጅ በኪራይ ቤት ስንት ነፍስ እንደሚያስተዳድር እሳቸው ራሳቸው ባለፈው የነገሩትን አስታወሳቸው።

«እሺ፣ ልጄንም ተወው» አሉ አቶ ባዳቾ፣ አሁን እንደ ችሎቱ ጊዜ ተስተካክለው ተቀምጠው። «እኔ ገንዘቤን ያስቀመጥኩት በሰው ዘንድ ነው። በዚህ አገር የእኔን ሥጋ ያልበላ ማን አለ? ያበላሁት ሕዝብ ያበላኛል። ደግሞም ለነገ አብዝቶ መጨነቅ የእምነት ጉድለት ነው ተብለን በጸሎት ቤት ተምረናል።»

«እትዬ ጥሩነሽ ቅቤውን ዓመት ሙሉ ሲያጠራቅሙ እምነት ጎድሏቸው ነው?»

«እሱ ለጊፋታ ነዋ!»

«እኔም የሚገርመኝ ይኸው ነው። ለጥቂት ቀን በዓል ዓመት ሙሉ የምንቆጥብ ሰዎች፣ ለረጅም እርጅና አንዳች የማናስቀምጠው ለምንድን ነው?»

«ጊፋታ መምጣቱ የታወቀ ነው። እርጅና ግን ይድረስብኝ አይድረስብኝ በምን አውቃለሁ? ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ቅቤ አይቀመጥም።»

ይህ መልስ ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚለው፣ ደፍሮ የማይናገረው ነው። ደገፉም ውሃው ላይ አንድ ጠጠር ወረወረ።

«እርጅና ባይደርስብዎ እንሰቱን ሌላ ሰው ይበላዋል፤ ጉዳቱ ያ ብቻ ነው» አለ። «ቢደርስብዎና እንሰቱ ባይኖርስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም? ለመሆኑ ጉኑኖ መጨረሻ የተከሉት መቼ ነው?»

አቶ ባዳቾ ተከዙ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድም ችግኝ መሬት አልነካም። በየዓመቱ የደረሰውን ያስቆርጣሉ፣ በቦታው ግን የሚተካ የለም። እንሰት ደግሞ ዛሬ ተክለው ነገ የሚበሉት ነገር አይደለም፤ አምስት ስድስት ዓመት ይጠብቃል። ጓሮው የሳሳው መሬቱ ከፍቶ አልነበረም። እሳቸው «ሥራ የፈታ መሬት» እያሉ ለሽያጭ ያቀረቡት ራሳቸው ሥራ ያስፈቱትን ነው።

ይህን ሁሉ በልባቸው አሰቡ እንጂ በአፋቸው አልተናገሩም። ሽንፈት የማይወድ ሰው ናቸው። ውሃው ሲጎድል ሱሪያቸውን ሰብስበው እየተነሡ፣ «ክርክርህ መልካም ነው፣ አስተማሪ። ምስክር ግን የለህም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ እስከ ሁምቦ ድረስ ያወሩት ስለ ዝናቡ ነው።

ሁምቦ ሲደርሱ ፀሐይዋ በርትታለች። ወደ በሬው ባለቤት የሚወስደው መንገድ በበቆሎ ማሳዎች መካከል ያልፋል። በቆሎው ሊደርስ ሲል ዝንጀሮ ከተራራው ይወርድበታልና በየማሳው ማማ ተሠርቶ ጠባቂ ይቀመጣል፤ የልጆች ሥራ ነው። በአንዱ ማሳ አጠገብ ሲያልፉ ግን ዝንጀሮ የሚያባርር የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። አቶ ባዳቾ ቆሙ። ያንን ወፍራም ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም። የሶዶ ችሎት በዚያ ድምፅ ጸጥ ይል ነበር።

«ኤርካሎ?» ብለው ተጣሩ።

ከማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ሽበታም ሰው ጎንበስ ብሎ አየ። አቶ ኤርካሎ ናቸው። በዚያው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበሩ፣ ከባዳቾ በፊት በጊፋታ በሬያቸው የሶዶን ሰው ያስደነቁ ሰው። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ሲተዉ ሁምቦ ወዳለችው ወደ ልጃቸው ወደ ፋንታዬ ሄደው ነበርና የሶዶ ሰው ሁሉ «ደህና ተጦረ» ብሎ ረስቷቸዋል። ቀስ ብለው እየተንጠላጠሉ ወረዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ቆዩ።

ገና የቤተሰብ ደህንነት ተጠያይቀው ሳይጨርሱ ፋንታዬ ምሳ ይዛ መጣች። ቅቅል በቆሎና ጎመን ነው፣ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ። እንግዶቹን ተሳልማ ሳህኑን ከአባቷ ፊት አስቀመጠችና ቶሎ ተመለሰች። አቶ ባዳቾ ቤቱ ከማሳው ማዶ ቅርብ ሆኖ እያዩት ለምን ምግቡ ሜዳ ድረስ እንደሚመጣ ስላልገባቸው ጠየቁ። አቶ ኤርካሎ ኮባውን ገለጥ አድርገው ለእንግዶቻቸው እያካፈሉ ተናገሩ።

«አማቼ አድነው ደግ ልጅ ነው። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ግን እኔ አማቱ ነኝ፤ እኔ ፊት አይበላም፣ እኔም እሱ ፊት አልበላም። ወጋችንን ታውቀዋለህ፤ አማት ለአንድ ቀን እንግድነት ያምራል እንጂ አብሮ አይከርምም። ለብቻህ ጎጆ ልሥራልህ ይለኛል፤ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነው፣ እሱም የእኩል ነው የሚያርሰው። ማታ ተርቦ ሲመጣ እኔን ምድጃው አጠገብ ካየኝ ሰላምታ ሰጥቶኝ ተመልሶ ይወጣል። በገዛ ቤቱ ባይተዋር ሆነ። ስለዚህ እራቱን እስኪጨርስ እኔ እዚህ ማማ ላይ እቆያለሁ። ዝንጀሮ ልጠብቅ ነው እላቸዋለሁ።»

ሌላ በቆሎ ለደገፉ እያቀበሉ «ዝንጀሮ ግን ማታ አይመጣም» አሉ።

አቶ ባዳቾ የያዙትን በቆሎ ሳህኑ ላይ መለሱት። «ያ ሁሉ ያበላኸው ሰውስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ረሱኝ ብዬ አልከስም። ያበላኋቸው እንደኔው አረጁ፤ ግማሾቹም ሞተዋል። እርስ በርሳችን ነው የተበላላነው፣ ባዳቾ። አንተም በልተሃል፤ ዛሬ ግን መንገድ አገናኘን እንጂ ልትጠይቀኝ አልመጣህም።»

ቃሉ ወቀሳ አልነበረውም፤ ስለዚህም ይበልጥ አመመ። አቶ ኤርካሎ ቀጥለው፣ በዚህ ዝናብ ቆላ ምን እንዳወረዳቸው ጠየቁ። ደገፉ አንገቱን ደፋ። አቶ ባዳቾ መዋሸት ፈልገው ነበር፤ ያቺ የችሎት አንደበት ግን ያን ቀን አልታዘዝ አለቻቸው። በሬውንም ጉኑኖንም ቀብዱንም ነገሯቸው።

«የእኔ ደግሞ የቢጠናው ጓሮ ነበር» አሉ አቶ ኤርካሎ። «ትዝ ይልሃል? የዚያን ዓመት በሬ ምላሱን ያበላሁህ አንተን ነው። ተነሥተህ ቆመህ እንዴት አድርገህ እንዳመሰገንከኝ! ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የአባቴን እንሰት ሸጬ በሬ የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ የገዛሁት ይህንን ማማ ነው።»

ከማሳው ዳር ዝንጀሮ ተንጫጫ። ሽማግሌው ወንጭፋቸውን አንሥተው አንድ ድንጋይ ወረወሩ፤ ዓይናቸው አጥርቶ ስለማያይ ድንጋዩ ሌላ ቦታ ወደቀ።

አቶ ባዳቾ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ደገፉ ዞሩ። «ምስክርህን ሰማሁ» አሉ። «ግን ምን ይጠቅማል? ፀጉሬ ገብስማ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር።»

«ጅቡ ገና አልመጣም፣ ጋሼ። ድምፁን ነው የሰሙት» አለ ደገፉ። ከዚያ ሳይቸኩል አስረዳቸው። ሰው በሥራ ዘመኑ ማምሻ ላይ የሚያገኘው ጥቅም አለ፦ ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል፣ ጉልበቱ ጨርሶ አልከዳውም፣ ገቢውም አልተቋረጠም። ያንን ጊዜ በድግስ ከጨረሰው ሌላ አያገኝም። ዘንድሮ አንድ ረድፍ እንሰት፣ ከርሞም አንድ ረድፍ ቢተክሉ፣ ሥራ በሚያቆሙበት ጊዜ በየዓመቱ አንድ ረድፍ ይደርስላቸዋል። በወሰኑ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ቢያቆሙ ቤት ለሚሠራ ሁሉ ይሸጣል። ከሚከፈላቸው ላይም ወይዘሮ ጥሩነሽ በቅቤው እንደሚያደርጉት ሌላው ወጪ ሳይነካው አስቀድመው ቢያነሡ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጊፋታንም መተው አያስፈልግም፤ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብቶ ድርሻን መብላት በዓልን አያሳንስም።

«ስሜን ግን ያሳንሰዋል» አሉ አቶ ባዳቾ።

«ስም አለኝ እኔም» አሉ አቶ ኤርካሎ። «እዚህ ማማ ላይ ይዤው እወጣለሁ።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። አቶ ባዳቾ በሬውን ሳያዩት ሊመለሱ ተነሡ። መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞር ብለው፣ ጉኑኖ ጎጆ እንደሚያቆሙላቸው፣ መጥተውም አብረዋቸው እንዲተክሉ አቶ ኤርካሎን ለመኑ። ኤርካሎ በልጅነታቸው እጃቸው የነካው እንሰት አይደርቅም ይባልላቸው ነበር።

«የማልደርስበትን ልትከል?» አሉ አቶ ኤርካሎ።

«እኔም መድረሴን አላውቅም።»

ሽማግሌው ቤቱን ቀና ብለው አዩ። አድነው ከእርሻው ተመልሶ ደጅ ላይ ቆሟል፣ አማቱ ካሉበት ፊቱን በአክብሮት መለስ አድርጎ። «የመትከያው ወር፣ የካቲት፣ ይምጣና እናያለን» አሉ።

ምክርን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ይዞት ቤት መግባት ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ በሬው እንደማይኖር ሲሰሙ የቅቤውን ማሰሮ ከነክዳኑ አውጥተው ከፊታቸው አስቀመጡና አለቀሱ። «ጓሮው ባለመሸጡ ደስ ብሎኛል» አሉ፤ «ግን እንግዳው ሲመጣ ደጅ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።» ጡረታ እንደሌላቸው የሰሙትም በዚያ ምሽት ነው። ባላቸው ብቻቸውን ይዘውት የኖሩትን ፍርሃት ዘግይተው በመስማታቸው ከበሬው ይልቅ በዚያ አዘኑ። ሐሙስ ቀብዱ ለአቶ ቢያድግልኝ ተመለሰ፤ እሱም «አስተርጓሚ የሌላውን ቃል እንጂ የራሱን አይጠብቅም» ብሎ ገበያ ውስጥ ሰው አሳቀባቸው።

የጊፋታው ዕለት እንደተፈራው ሆነ። ከቅርጫው የደረሳቸውን ሥጋ ቤተሰቡ ለብቻው በላ። በየዓመቱ የለመዱ ሰዎች እስከ በሩ እየመጡ፣ ግቢው ጭር ማለቱን እያዩ ተመለሱ። አቶ ባዳቾ ውስጥ ተቀምጠው የእግር ኮቴያቸውን ይሰሙ ነበር። ወጥተው ሊጠሯቸው ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ።

በየካቲት አቶ ኤርካሎ መጡ። ጉኑኖ የቆመችላቸው ጎጆ ትንሽ ናት፤ ግን ማታ ማታ ሲበሉ ከማንም አይሸሹም። በዳበሳ ጉድጓዱን እየለኩ ከላይኛው ወሰን አንድ ረድፍ በገዛ እጃቸው ተከሉ፤ ሥሩን በፋንድያ እየሸፈኑ እንደ ልጅ ተንከባከቡት። አቶ ባዳቾም ከፍርድ ቤት በተረፋቸው ቀን ሁሉ እየሄዱ ሁለተኛውን፣ ከርሞም ሦስተኛውን ረድፍ አቆሙ። በአራተኛው ክረምት ግን አቶ ኤርካሎ በዚያችው ጎጆ ታመው ሞቱ። ሲሸኙ ከእንሰቱ መካከል ነው የወጡት፤ ቅጠሉ ከሰው ቁመት በልጦ፣ ግንዱ ግን ገና ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ አቶ ባዳቾን በሳምንት አንድ ቀን፣ በኋላም በወር አንድ ቀን ያስጠራቸው ጀመር፤ በመጨረሻ ጨርሶ ተወ። ያሰናበታቸውም የሸኛቸውም የለም። ሆኖም በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. የመጀመሪያው ረድፍ ደረሰ። ዛሬ ሁለቱ ባልና ሚስት የሚበሉት ከጓሮአቸው ነው፤ ጨውና ልብሱ ከባሕር ዛፉ ይወጣል፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሊያያቸው እንጂ ሊያዝንላቸው አይመጣም። እንግዲህ ገና ደመወዝ በእጁ ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል። እርጅና ቀኑን ቆርጦ ባይናገርም መምጫው እንደ ጊፋታ ነው፤ የጎደለ ማሰሮ ይዞ ለሚቀበለው ሰው አይዘገይለትም። አስቀድሞ የተከለ የልጁን ቤት አያጣብብም፣ የወዳጁን ፊት አያይም፣ ያለውንም ለሌላ ለማካፈል ጊዜ ያገኛል። አቶ ባዳቾ ግን ይህን ሁሉ በረከት ሲቆጥሩ ሁልጊዜ አንድ ጸጸት ይጨምሩበታል፦ ያንን በሬ ባመሰገኑበት ቀን ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ቢጠናም ሳይሸጥ ኤርካሎም ከራሳቸው ጓሮ በበሉ ነበር።

የመጀመሪያው እንሰት የተቆረጠው ከላይኛው ረድፍ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከፋንታዬ ጋር ሆነው ፋቁት፣ ቀበሩት፤ ጊዜው ሲደርስም አወጡት፣ ጋገሩትም። አድነው ሁምቦ ድረስ ተልኮበት መጥቶ ነበር። ቆጮው ሲቀርብለት እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ደጅ መለሰና ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ቀረበ፤ አማቱ ፊት አንድ ቀን ጎርሶ የማያውቀው ሰው አማቱ የተከሉትን በላ።